ከፍርስራሽ የተገዛ አያት

ሀምፍሪ ዶብሪጅ የተወለደው በዎስተር አውራጃ፣ ኦልድበርን በምትባል መንደር፣ ከአባቱ የከብት ማረጃ ጀርባ ነው። ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ የረሳው ሀምፍሪ ብቻ ነበር። መርሳት ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሀምፍሪ ዕድሜውን የጨረሰበት ሥራ ነው። አባቱ ሥጋ ሸጦ በግ ገዛ፤ የበጎቹን ሱፍ ሸጦ የገዳም መሬት ተከራየ፤ የዚያን ዘመን ንግሥት አባት የነበሩት ንጉሥ ገዳማቱን ባፈረሱ ጊዜ የተከራየውን በርካሽ ጠቅልሎ የራሱ አደረገ። ልጁ የወረሰው መሬቱን፣ በጎቹንና አንድ ችግር ነበር። ችግሩ አባትየው ራሱ ነው።

በአርባ ዓመቱ ሀምፍሪ ባለ መስተዋት መስኮት ቤት ሠራ። ትንሽ ቆይቶ ሰይፍ መታጠቅ ጀመረ፤ ሰይፉ ግን ባለቤቱን ስላላወቀው ይመስላል፣ እግሩ መሃል እየገባ በሰው ፊት ጥሎታል። ቀጥሎ ከምድጃው በላይ አርማ ሰቀለ፤ በሰማያዊ ጋሻ ላይ የሦስት አዳኝ ውሾች ራስ። አርማውን ማን እንደሰጠው ሲጠየቅ «ከጥንት የመጣ ነው» ይላል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ እሱም ስለ አባቱ ሲጠይቁት ስለ እናቱ ወገን ያወራ ነበር። የእናቱ ወገኖች ቢያንስ ወፍጮ ነበራቸው።

በዚያ አገር የንግሥቲቱ የአርማ ሹም አልፎ አልፎ በአውራጃው እየዞረ ጨዋ ነኝ ባዩን ሁሉ «አርማህን አሳይ፣ ዘርህን ቁጠር» ይለዋል። መቁጠር ያቃተው ሰው ስሙ በገበያ ቀን በአዋጅ ነጋሪ ይነበባል። «እነዚህ ሰዎች ጨዋ ነን ብለው ነበር፤ አይደሉም» ይባላል። ገበያተኛው ይስቃል፤ ሰውዬው ያን ጎዳና ዳግመኛ በቀን አያልፍበትም።

ሹሙ ይመጣል የተባለው ሀምፍሪ ልጁን ኡርሱላን ለአውራጃው ታላቅ ጨዋ ለሰር ሮውላንድ ሁለተኛ ልጅ ሊድር በተስማማበት ዓመት ነው። ሰር ሮውላንድም ነገሩን አላንዛዙትም፤ የሀምፍሪ ስም ገበያ ላይ ከተነበበ ሰርግ የለም።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» አለችው ሚስቱ ጆይስ።

«አያት ያስፈልገኛል።»

«አያትህንማ ደርሼባቸዋለሁ። ጥርስ አልነበራቸውም፤ አሳማ ይጠብቁ ነበር።»

«ሌላ አያት ነው የምልሽ!»

ሌላው አያት በፈረሰው ገዳም ውስጥ፣ ሳማ በቅሎበት ተገኘ። ከጥንት መቃብር ላይ የተነሳ፣ ከድንጋይ የተጠረበ፣ የጦር ልብስ የለበሰ፣ በጀርባው የተንጋለለ ባላባት ነው። ድንጋዩን እየለቀመ የሚሸጠው ሰውዬ ለአሳማ በረት መሠረት ሊያደርገው ነበርና በደስታ ሸጠለት። ሀምፍሪ በሣር ጋሪ ጭኖ አመጣው፣ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር አጋደመው፣ ጋሻው ላይ ሦስቱን ውሾች አስቀረጸበት፣ ሰር ጊልበርት ዶብሪጅ ብሎም ሰየመው።

«እንኳን ደስ ያለህ ሀምፍሪ» አለው የመንደሩ አንጥረኛ፤ «አያት ተወለደልህ አሉ። ወንድ ነው?»

ፔንሩድ የሚባለው የአርማ ሹም ቀጭን ሰው ነው፤ የመጣው ጉንፋን ይዞት ነበር። ምስሉን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይሄ ማነው?»

«ስድስተኛ አያቴ፣ ጌታዬ። ፈረንሳይ ዘምተው የተመለሱት።»

«ጋሻው ትናንት የተጠረበ ይመስላል።»

«በየጊዜው ስለምናጥበው ነው፣ ጌታዬ።»

«በቀኝ እጁ የያዘው ምንድን ነው?»

ሀምፍሪ ጎንበስ አለ። አያቱን ደህና አድርጎ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። በባላባቱ መዳፍ ውስጥ ሌላ እጅ አለ፤ ትንሽ፣ ቀለበት ያለው፣ ከአንጓው ላይ የተሰበረ።

«እጅ ነው፣ ጌታዬ። የሚስታቸው።»

«ሚስትየዋስ?»

«ሞተዋል።»

«እሱንስ ገምቻለሁ» አለ ፔንሩድ አፍንጫውን እየጠረገ። «ትናንት ጎረቤት ደብር ነበርኩ። ቶቢያስ ክሊንች አንዲት የድንጋይ እመቤት አሳየኝ፤ ስድስተኛ አያቴ ናት አለኝ። ቀኝ እጇ የለም።»

ሀምፍሪ በምድር ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ሰው ቢኖር ቶቢያስ ክሊንች ነው። የቶቢያስ አባት ሻማ ሠሪ ነበር፤ ሞራውን የሚገዛው ከሀምፍሪ አባት ነው። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ትውልድ ከነሽታው ያውቃል።

ፔንሩድ ቶቢያስን አስጠራና ሁለቱን ከምስሉ ግራና ቀኝ አቆማቸው። «ድንጋይ ሻጩን በመሐላ ልጠይቀው እችላለሁ። ያኔ ሁለታችሁም ገበያ ላይ ትነበባላችሁ» አላቸው። «ወይም እነዚህ ሁለቱ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እናንተም ከነሱ የወረዳችሁ ዘመዳሞች ናችሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ማሉልኝና ወደ ምሳዬ ልሂድ።»

«የዚህ የአንጀት አጣቢ ልጅ ዘመድ ልሁን?» አለ ቶቢያስ።

«አንተ የሞራ ፍርፋሪ! እኔ ነኝ እንጂ የምዋረደው!»

ሀምፍሪ ይህን ብሎ ሊወጣ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። በሩ ላይ ጆይስ ቆማለች። «ኡርሱላ ቀሚሷን እያስለካች ነው» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም። ሀምፍሪ ተመለሰ።

«እሺ። ግን ከታላቁ ልጅ የወረድኩት እኔ ነኝ። ባላባቱ ያለው እኔ ዘንድ ነው።»

«እናትየዋ ያለችው እኔ ዘንድ ነው» አለ ቶቢያስ። «እናት የታወቀች ናት፤ አባት ወሬ ነው።»

«ልጆቻቸው መንታ ነበሩ» አለ ፔንሩድ። «ማሉ።»

ማሉ። ሁለት ሰዎች እውነት ለመናገር እንኳ እንዲህ ተናንቀው አያውቁም።

በገበያው ቀን አዋጅ ነጋሪው ስም ሲያነብ ሀምፍሪ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ያዳምጥ ነበር። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ተነበበ፣ አንድ ጠበቃ ተነበበ፤ ሕዝቡም በደንብ ሳቀ። ዶብሪጅ ሳይባል ዝርዝሩ አለቀ። አንጥረኛው አፍሮ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ይነበባል ብሎ በቢራ ተወራርዶ ነበር።

ሰርጉ ተሠረገ። ዘመድ በሰርግ አይቀርምና ቶቢያስ ከነቤተሰቡ መጥቶ ከሰር ሮውላንድ አጠገብ ተቀመጠ፤ የአጋዘኑን ጭን ወደ ራሱ ሳበና ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ።

«የአጎቴ ልጅ፣ ያ ከወንዙ ማዶ ያለው መስክህ ለሁለታችንም ከብት ይበቃል፣ አይደል?»

ሰር ሮውላንድ ማኘካቸውን ትተው ቀና አሉ። ጨዋ ሰው ለሥጋ ዘመዱ ምን ብሎ እንደሚመልስ ለማየት የጓጉ ይመስሉ ነበር።

«ለዘመድ ምን ይነፈጋል» አለ ሀምፍሪ።

በማግስቱ ኡርሱላ ገና ከመንደሩ ሳትወጣ የቶቢያስ ከብቶች ወንዙን እየተሻገሩ ነበር።