ከጆንያው ሥር ያለው

ባለፈው ሳምንት ማሾ ልገዛ ሸዋ ሮቢት ገበያ ወጥቼ ነበር። ኅዳር ላይ ሙቀቱ ትንሽ ረገብ ስለሚል፣ እንደ ጡረተኛ ወግ ባርኔጣዬን ደፍቼ ጥላ ጥላውን እሄዳለሁ። ደንበኛዬ የሆነችው ሴት ማሾውን በወንፊት እየነፋች ነበር። ደቃቁ ከሥር ይወርዳል፣ እኩል እኩል የሆነው አረንጓዴ ፍሬ ከላይ ይቀራል።

«ጋሼ፣ የእርስዎንም ልንፋልዎት?» አለችኝ።

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። በቆላው ሙቀት ላሳብብ እችል ነበር፤ ግን ሙቀቱ አልነበረም።

አባቴ በዚሁ ገበያ የማሾ ነጋዴ ነበር። አንዳንዱ ነጋዴ ድብልቁን ከታች፣ የተነፋውን ከላይ አድርጎ ጆንያ ይሞላል። አባቴ ግን ገዢ ሲመጣ ጆንያውን በሥሩ በኩል ፈትቶ ነበር የሚያሳየው። «የላዩንማ ሌባም ያሳምረዋል» ይላል። እኔ እዚያ ቤት ነው ያደግሁት።

አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ፣ የደብረ ሲናው ደረጀ የላቦራቶሪ ጓደኛዬ ነበር። እኔ ከቆላ ማንጎ፣ እሱ ከደጋ ቆሎ እያመጣን አብረን እንበላለን። ሥራችን ውሃ የሚያጣሩ ደቃቅ የፕላስቲክ እንክብሎች መሥራት ነው። ዘይት የሚመስል፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይጨመርና ይማሰላል፤ ወደ ጠብታ ይበተናል፤ ጠብታው ሲሞቅ ውሎ ይጠጥራል። አብሮት የሚጨመር ሌላ ፈሳሽ ደግሞ ውስጡን እንደ መረብ ያስተሳስረዋል፤ ከዚያ በኋላ ቤንዚን ውስጥ ቢነከር እንኳ አይሟሟም። ፈጥነህ ካማሰልክ እንክብሉ ያንሳል፣ ቀስ ካልክ ይተልቃል። እስከዚህ ማንም ይችለዋል። ጭንቁ ሁሉንም እኩል ማድረግ ነው፤ ትንንሾቹ በትልልቆቹ መካከል ገብተው ክፍተቱን ከደፈኑት ውሃው አያልፍም።

የእኔ አንዱ እንደ ሰናፍጭ፣ አንዱ እንደ ጤፍ፣ አንዱ እንደ ዱቄት እየሆነ ስንት ወር አስቸገረኝ። ለፋሲካ ቤት ስመጣ፣ አባቴ የማሾ አቧራና የአረም ፍሬ የሚያራግፍባትን ደቃቅ ወንፊት እንዲሰጠኝ ለመንኩት። የእናቴንም የዱቄት ወንፊት ጨመርኩ። ምን ሊያደርግልህ ነው ሲለኝ፣ ለትምህርት ነው አልኩት። ወንፊት ለዩኒቨርሲቲ ይጠቅማል ብሎ ለጎረቤት ሁሉ አወራ።

ላቦራቶሪው ባዶ በሆነበት ቅዳሜ እንክብሌን በሁለቱ ነፋሁት። በአንደኛዋ አልፎ በሁለተኛዋ ላይ የቀረው እኩል እኩል ሆኖ ቁጭ አለ። ሌላውን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጣልኩት። መንፋቱ ነውር አልነበረም፤ ነፋሁ ብዬ ብጽፍ ማንም አይወቅሰኝም። እኔ ግን በማስታወሻዬ የጻፍኩት የማማሰያውን ፍጥነት ብቻ ነው፤ እኩልነቱ ከእሱ የመጣ አስመስዬ።

አስተማሪያችን በማይክሮስኮፕ አይተው በጣም ተደሰቱ። ማስታወሻዬን ለደረጀ ሰጥተው፣ አንተም እንዲህ አድርገህ አምጣ አሉት። ደረጀ ማስታወሻዬን እንደ ዳዊት ደገመው። ፍጥነቱን፣ ሙቀቱን፣ የውሃውን ልክ አንድ ሳያጎድል ሠራ፤ ድብልቅ ወጣለት። ደግሞ ሠራ። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ሠራ። አስተማሪያችን ልጁ ለሥራው ግድ የለውም ማለት ጀመሩ፤ እስከ መስከረም መጨረሻ ካልሆነለት እንደሚሰናበት ነገሩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት እጆቹን ፊቴ ዘረጋቸው።

«ያንተኑ ነው የምሠራው» አለኝ። «እጄ ላይ ምን አለብኝ?»

ያኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

«ፈሳሹን ስትጨምር እጅህ ይቸኩላል መሰለኝ» አልኩት።

አመነኝ። ከውሸቴ ይልቅ የእሱ ማመን ነው ዛሬም የሚያሳፍረኝ። ለብዙ ቀን ፈሳሹን በጠብታ፣ ትንፋሹን ይዞ ሲጨምር አጠገቡ ቆሜ አየሁት።

ጥቅምት ላይ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ደብረ ሲና ተመለሰ። እኔ ተመረቅሁ፤ ዕድሜ ልኬን አስተማርኩ፤ የሚኮርጅ ተማሪ ይዤም ቀጥቻለሁ። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ደብረ ሲና ቆሞ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲከቡት፣ እንቅልፍ የወሰደኝ አስመስል ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ንጋት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ። ዓምና እዚያ ከአውቶቡሱ ወረድኩ። ደረጀ ከመንገዱ ዳር ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣል። ፀጉሩ ሸብቷል። አቅፎ ሳመኝና ወንበር ሳበልኝ፤ ከጭጋጉ ገባ በል፣ እናንተ ቆለኞች ብርድ አትችሉም ብሎ ቀለደብኝ። ስለ ወንፊቱ ሁሉንም ነገርኩት። እንዲሰድበኝ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም ተመኝቼ ነበር። እሱ ግን የጀመረውን ሚስማር መዝኖ፣ ጠቅልሎ፣ ለገዢው ሰጥቶ ጨረሰ።

«ትልቋ ልጄ ኬሚስትሪ ላጥና ብላኝ ነበር» አለኝ። «የእኛ ቤት እጅ ለዚያ አይሆንም ብዬ ከለከልኳት።»

ይቅርታ ልል ብዬ፣ ለእሱ ልበለው ለልጁ ግራ ገባኝ።

ባለፈው ሳምንት የገበያዋን ሴት አትንፊው፣ እንዳለ ስጪኝ አልኳት። ቤት ገብቼ ጆንያዬን ሳልፈታ ወረቀት አወጣሁ። የደረጀ ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ደብዳቤዬ ምን እንደሚፈይድላት አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጀምሬዋለሁ። «የአባትሽ እጅ ምንም አልነበረበትም» ይላል። ቀጥሎ ይህን እንዴት እንዳወቅሁ መጻፍ አለብኝ፤ እስከ ዛሬ እዚያው ላይ ነኝ።