ከመርዶ በፊት የወጣ ፊት

ጅጅጋ ውስጥ የሰው ፊት በጨርቅ ላይ ለማተም መብራት፣ ውሃና ደህና ፎቶ ያስፈልጋል። ሦስቱን ባንድ ቀን አግኝቼ አላውቅም። መብራት ያለ ቀን ውሃ የለም፤ ውሃ የመጣ ቀን ደንበኛው ከቴሌግራም ያወረደውን፣ ፊት ይሁን ድንች የማይለይ ፎቶ ይዞ ይመጣና "አጥራልኝ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ቶሎ ነው የምናደደው።

የትምህርት ቤት ቲሸርት፣ የምርጫ ቲሸርት፣ ለቀብር የሚለበስ የሟች ፎቶ ያለበት ቲሸርት፣ አውበሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎች የሚለብሱት ሰደርያ፣ ብቻ ያገኘሁትን አትማለሁ። የሚያደክመው ግን ማተሙ ሳይሆን ስክሪኑን ማዘጋጀቱ ነው። በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረውን ስስ ጨርቅ ኢሙልሽን የሚባል ፈሳሽ እቀባና ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ አደርቀዋለሁ። ፎቶውን ወደ ጥቁር ነጥብ ቀይሬ ወረቀት ላይ አትማለሁ፤ ብርሃን እንዲያሳልፍ ወረቀቱን በምግብ ዘይት አሻለሁ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አድርጌ፣ መስተዋት ጭኜበት ብርሃን አስመታዋለሁ። ብርሃን የነካው ይጠነክራል፤ ጥቁሩ የከለለው በውሃ ታጥቦ ይወጣል። ቀለም የሚያልፈውም በዚያ በታጠበው በኩል ነው።

መብራት ሲጠፋ ፀሐይ አለች። የጅጅጋ ፀሐይ ቸር ናት፤ ግን ትንሽ ካለፈች ሥራውን ታበላሸዋለች። ስለዚህ የምቆጥረው በአባታችን ሆይ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ሲል ትንሽ፣ ደመና ሲኖር ብዙ እደግመዋለሁ። ቄስ ቢሰማኝ ይቆጣኝ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ከሰዓት ይሻለኛል።

የማድርበትንና የምሠራበትን ቤት ያከራዩኝ ሴት እዚያው ግቢ ይኖራሉ። አባታቸው ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸውም ተወልደው ያደጉት፣ ባላቸውንም የቀበሩት ጅጅጋ ነው። ከጎረቤት ጋር በሱማሊኛ ሲከራከሩ ማን እንደሚያሸንፍ ሰፈሩ ያውቃል። የቀራቸው አንድ ልጅ ነበር፤ የሰው አይሱዙ ይዞ ሀርሺን የሚመላለስ ሾፌር። ትልቅ ሮቶ ስላላቸው ውሃ ሲያልቅብኝ የምሮጠው ወደሳቸው ነው። ጀሪካኑን ራሳቸው ይዘው ይመጡና ሳጥብ አጠገቤ ቆመው፣ ምስሉ ቀስ እያለ ሲወጣ ማንነቱን መገመት ይወዳሉ። አንዴ የአንድ እጩ ተመራጭ ፎቶ ግማሹ ሲወጣ "ፍየል ናት" አሉና ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

አንድ ጠዋት ወንድማቸው ከሐረር መጡ። እህታቸው ቤት አልገቡም። ወደ እኔ ሱቅ ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉና ስልካቸው ላይ ፎቶ አሳዩኝ። የአከራዬ ልጅ ነው፤ በጓደኛው ሠርግ ሚዜ ሆኖ፣ ከረባት አስሮ ይስቃል።

"ማታ ከሀርሺን ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ" አሉኝ። "አስከሬኑ ሆስፒታል ነው። ነገ ማለዳ ከንስሐ አባቷ ጋር ሆነን እናረዳታለን። ጓደኞቹ ለቀብሩ ፎቶውን እንልበስ ብለዋል። አደራህን፣ እህቴ እንዳትሰማ።"

መርዶ እንዲህ ነው። እናት ብቻዋን እንዳትሰማ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ የሚይዛት እጅ እስኪበዛ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ይዋሻል። ጎረቤቶች "ቻርጅ እናድርግልዎ" ብለው የአከራዬን ስልክ ወስደውባቸዋል፤ አንዷ ስንዴ የምታስለቅም መስላ አብራቸው ተቀምጣለች። አገር ያወቀውን እሳቸው ብቻ አላወቁም። እኔ ደግሞ የልጃቸውን ፊት እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ማውጣት ነበረብኝ። ልጁን እወደው ስለነበር እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ፎቶውን ወረቀት ላይ አትሜ እንደጨረስኩ መብራት እንደተለመደው ጠፋ። እኩለ ቀን ላይ ስክሪኑን ይዤ በጓሮ በኩል ወጣሁ። መስተዋቱን ጭኜ አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ። ስንት ዘመን ስቆጥርበት የኖርኩት ጸሎት ያን ቀን እውነተኛ ጸሎት ሆነብኝ። ፈቃድህ ይሁን የሚለው ጋ ስደርስ ይሄ የማን ፈቃድ ነው አልኩ። ተናደድኩ፣ አለቀስኩ፣ ስንተኛው ላይ እንደነበርኩም ጠፋኝ። ልቤ ሲመለስ ስክሪኑ ከሚገባው በላይ በፀሐይ ተመትቷል።

ቢሆንም ማጠብ ጀመርኩ። ፀጉሩ ወጣ፤ ከረባቱ ወጣ፤ የከንፈሩ መስመር ወጣ። ዓይኖቹ ግን ጠንክረው ቀሩ። በስፖንጅ እያሸሁ ውሃ ባፈስባቸውም እምቢ አሉ። ውሃዬ አለቀ። ልተወው ብል ደግሞ የቀረው በፀሐዩ እየጠነከረ ይሄዳል። ባዶውን ጀሪካን ገልብጬ ቂጡን ስመታ አከራዬ ድምፁን ሰምተው ኖሯል። ስንዴ አስለቃሚዋ ለምን እንደለቀቀቻቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ውሃ አልቆብህ ዝም ትላለህ እንዴ፣ አንተ ልጅ?" ሲሉ ከኋላዬ ሰማኋቸው።

"ይተዉት እማማ፣ በቃኝ" ብዬ በጀርባዬ ልከልል ሞከርኩ። እሳቸው ግን እንደ ሁልጊዜው በትከሻዬ በኩል ማፍሰስ ጀምረዋል። ውሃው በፊቱ ላይ ወረደ። የግራ ዓይኑ ወጣ።

ማፍሰሳቸውን አላቋረጡም።

"ቀኙ አልወጣም" አሉ። "ቀስ አድርገህ እሸው፣ እንዳትቀደው።"

አሸሁት። ወጣ።

"መቼ ነው?"

"ማታ። ከሀርሺን ሲመለስ።"

"ፎቶውን ማን አመጣልህ?"

"ወንድምዎ። ነገ ማለዳ ሊነግሩዎት ነው..."

ጀሪካኑን አስቀመጡና እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ። "እንግዲያው ይንገሩኝ። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ሲመጣ ሰምቻለሁ ብዬ አላሸማቅቀውም። አንተም አፍህን ያዝ።"

"አብሬዎት ልግባ?"

"ሥራህን ሥራ" ብለውኝ ገቡ። ጎረቤታቸው የት ነበሩ ስትላቸው "ውሃ ልሰጠው ነው" ሲሉ ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ያን ፊት እያተምኩ ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ነበር። ሳል እንኳ አልሰማሁም። አንዴ የድስት ክዳን ሲንኳኳ ሰምቼ፣ ለጎረቤታቸው ምሳ እያቀረቡ እንደሆነ ገባኝና ሥራዬን ትቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሲነጋጋ ወንድማቸው፣ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ገቡ። ወዲያው ጩኸቱ ተነሳ። እንደዚያ ያለ ጩኸት በሕይወቴ አልሰማሁም፤ ይዘውት ውለው ይዘውት ያደሩት ነው። ሴቶቹ "ድንገት ሆኖባት ነው" እያሉ ደግፈው ያዟቸው። ያ ሁሉ ሰው የለፋው ብቻቸውን እንዳይሰሙ ነበር፤ እሳቸው ግን ለብቻቸው ይዘውት አድረዋል።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ወንድማቸው የልጁን ፊት ደረታቸው ላይ ለብሰው ወደ እኔ መጡ።

"እህቴን ሳትሰማ አዋልክልኝ። ውለታህን አልረሳውም" አሉኝ።

አከራዬ ፍራሹ ላይ ሆነው ሰሟቸው። ቀና ብለው አዩኝና "መርቀው፣ ወንድሜ" አሉ በተዘጋ ድምፃቸው።

ወንድማቸው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።