ምድጃው የቆመ ቀን

የብቅል ፋብሪካው ሠራተኞች "አባ ጭሱ" ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥራው ለቢራ የሚሆነውን ብቅል መቁላት ነው፤ በዚሁ ሥራ ላይ ሸበተ። ጥቁሩ ብቅል በተቆላ ቁጥር ጭሱ በረጅሙ ጭስ ማውጫ ይወጣና ተመልሶ ሰፈሩ ላይ ይተኛል። የተሰጣ ልብስ ያጠቁራል፤ የማረሩ ሽታ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል። ጎረቤት ሲያማርርበት "ጭስ መውጫ አያጣም ሲባል አልሰማችሁም? መግቢያ የሰጣችሁት እናንተ!" እያለ ይስቅ ነበር።

ሳቁ የቆመው የልጅ ልጁ ስትታመም ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሴት ልጁ ከነትንሿ አብራው ትኖር ነበር። ትንሿን አስም ያዛት። ጭሱ በወረደ ቁጥር ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። በመጨረሻ እናትየው ዕቃዋን ጠቅልላ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ቤት ተከራየች። "አንተም ና" አለችው። "ሥራዬስ?" አላት። በዚሁ ተለያዩ።

ቤቱ ኦና ሆነ። እራቱን ቆሞ መብላት ጀመረ፤ ሲቀመጥ ባዶዎቹ ወንበሮች ያፈጡበታል። ሬዲዮ የሚከፍተው ወሬ ለመስማት ሳይሆን ቤት ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለው ነው። ምን ይደበቃል፣ ብቸኝነት አጥንቱ ድረስ ዘልቆታል።

ስለዚህ ምድጃዎቹ ለጥገና ሊቆሙ ነው ሲባል ደስታውን አልቻለውም። ወዲያው ደወለ።

"ነገ ጭስ የሚባል ነገር የለም። ይዘሻት ነይ።"

"እርግጠኛ ነህ፣ አባዬ?"

"ምድጃውን የማጠፋው እኔ ነኝ፤ እኔ ካላወቅኩ ማን ይወቅ? እንደውም እኔ ጋ ትደር፤ አልጋዋን አንጥፌላታለሁ።"

በነጋታው ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። አባ ጭሱ ቤቱን ጠርጎ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ለክብር ቀን ያስቀመጠውን ኮት ለብሶ በር ላይ ቆመ። ትንሿ ከታክሲ ወርዳ እየሮጠች መጣች። ብድግ አድርጎ አቀፋት፤ አንገቱ ሥር ውሽቅ አለች። ብዙም አልቆየች፣ ሳል ጀመራት። ደረቷም ያንን ሲጢጥታ አሰማ።

"የለም እኮ! ጭስ የለም፣ እዪው!" አለ፣ ወደ ጭስ ማውጫው እየጠቆመ።

ሴት ልጁ ትንሿን ተቀብላ ውጭ አስቀመጠቻትና የሚነፋውን መድኃኒት አፏ ውስጥ ነፋችላት። አባ ጭሱ ኮቱን አወለቀ። ጠጋ ሲል አሁንም ሳለች። ገብቶ በሳሙና ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ተመለሰ፤ ያው ነው። ሸሚዙን አነሳና አሸተተው። ምንም አልሸተተውም።

"አንተ አይሸትህም፣ አባዬ" አለች ልጁ ቀስ ብላ። "ለምደኸዋል።"

"ምኑን?"

"ያረረውን ነገር ነዋ። ኮቱም፣ አልጋውም ... ሁሉም ነገር። ፀጉርህም ጭምር።" ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

አባ ጭሱ ቁጡ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አልተቆጣም፣ አፈረ። ጭሱን ሁልጊዜ ሰማይ ላይ ነበር የሚፈልገው። ለካስ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ይዞት የሚገባው ራሱ ኖሯል። አልጋዋን ማንጠፉን ድጋሚ አላነሳውም።

ታክሲ እስኪመጣ ድረስ ራቅ ብሎ ከአጥሩ ጫፍ ቆመ። ትንሿ ትንፋሿ ሲመለስላት ፈለገችው።

"አያቴ! ለምን እዛ ቆምክ?"

ከእናቷ እጅ አመለጠችና እጆቿን ዘርግታ ወደ እሱ መጣች። እሱ ግን ወደ ኋላ ሸሸ። እሷም ቀረበች፣ እሱም ሸሸ። አባሮሽ የሚጫወቱ መስሏት በሳቅ ፈነዳች። እሱም እንዲመስላት ብሎ እየሳቀ ሮጠ።