የሁለት ጾመኞች ላዛኛ

ዘነቡ ኦክላንድ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የጣሊያን ምግብ ቤት ላዛኛ ትሠራ ነበር። ሙያውን ያስተማረቻት የምግብ ቤቱ ባለቤት የሚስተር አልዶ ሟች ሚስት ናት። ስጎውን ከማለዳ ጀምሮ በዝግታ ማብሰል፣ ዝርግ ፓስታውን ብዙ ሳይለሰልስ ማውጣት፣ በየንብርብሩ ስጎና ሪኮታ የሚባለውን ለስላሳ አይብ መቀባት፣ ሞዛሬላ የሚባለውን የሚቀልጥ አይብ ነስንሶ ኦቨን መክተት። እጇን እግዚአብሔር ባርኮላት ነበር።

ረቡዕና ዓርብ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ምንም አትቀምስም። በእነዚያ ቀናት ዕቃ አጣቢው አብዱልሙኒም ሥጋው ሳይገባ ስጎውን ይቀምስላታል። የወሎ ልጅ ነው፤ ተጫዋች።

“ጨው አንሶታል፣ እትዬ ዘነቡ” ይላታል ሁልጊዜ። “ለዚህ ምላስ እንኳ ደሞዝ ይቆረጥለት።”

“ለሚቀምሰው ነው ለሚለፈልፈው?”

በፈረንጆቹ 1993 ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ያን ሰሞን ገበያ ጠፍቶ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ ወንበሩ ባዶ ይውላል። አንድ ቀን ሚስተር አልዶ ሁለቱንም ጠርተው፣ ፕሌዘንተን ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ምሳ ላዛኛ እንዳዘዘ ነገሯቸው።

“ከወደዱት በየሳምንቱ ያዙናል። ካልወደዱት ቤቱን እዘጋለሁ። ከዚህ በላይ አልችልም።”

በቀጠሮው ቀን ዘነቡ ጸሎቷን አድርሳ ገባች። ስጎው ሲንተከተክ ጨው ያዘችና ቆም አለች። ሚስተር አልዶ እንዳይቀምሱላት ሐኪም ጨው ከልክሏቸዋል። አብዱልሙኒምን አየችው፤ ከንፈሩ ደርቋል። የጾመኛን አፍ ማስከፈት ነውር መሰላት። ሁልጊዜ አንሶታል የሚላትን አስታውሳ፣ ከወትሮው ከፍ አድርጋ ጨመረችና አይብ ልታመጣ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ገባች።

አብዱልሙኒም ድስቱን አየ። መቅመስ አትችልም፤ እኔንም አትጠይቀኝም፤ ጨው ማነሱ አይቀርም ብሎ አሰበ። ሳያሳፍራት ሊረዳት ፈልጎ አንድ እፍኝ ጨው በተነና አማስሎ ወደ ሳህኖቹ ተመለሰ።

ላዛኛው ሲወጣ ጠርዙ ቡናማ፣ መሐሉ የሚንተከተክ፣ ዓይን የሚሞላ ነበር። ሚስተር አልዶ መኪናቸው ላይ ሲጭኑት ሳይታወቃቸው ያፏጩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ትሪዎቹ እንደሞሉ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸውና ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

“ጨው ብቻ ነው አሉኝ። ዘነቡ፣ ምን ያህል ነው ያደረግሽበት?”

“ከፍ አድርጌዋለሁ። ሁልጊዜ ስለሚያንስ…”

አብዱልሙኒም ስፖንጁን አስቀመጠ። “እኔም ጨምሬበታለሁ” አለ በቀስታ።

ዘነቡ ዞራ አየችው።

“ጎን ለጎን ቆማችሁ እየሠራችሁ?” አሉ ሚስተር አልዶ። “አንድ ቃል አትነጋገሩም?”

“ጾመኛ ነው ብዬ ነው” አለች ዘነቡ።

አብዱልሙኒም አንገቱን ደፋ። “እኔም እትዬ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው።”

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚሠሩ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ስለሚዘጋ ሌላ ሥራ እንዲፈልጉ ነገሯቸውና ወደ ፊተኛው ክፍል ወጡ።

ላዛኛውን ደፍተው ትሪዎቹን ማጠብ ጀመሩ። እሷ ትፈገፍጋለች፤ እሱ ያለቀልቃል።

“ተቀየሙኝ፣ እትዬ?”

“አንተስ?”

“እኔ ምን ቆርጦኝ።”

“እንግዲያው እግዚአብሔር ይመስገን” አለች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። “ሳን ሊያንድሮ ያለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለወጥ ቤቱ ሰው ይፈልጋል ብለውኛል። ነገ ጠዋት በመኪናህ ውሰደኝ፤ አብረን እንጠይቅ።”

“እንሂድ።”

“ሥራው ከተገኘ ግን ልንገርህ፤ ጾምም ቢሆን እጠይቅሃለሁ። አትቀምስም፤ ጨው ነክተህ እንደሆነ ብቻ ትነግረኛለህ።”

“እነግርዎታለሁ” አለና የመጨረሻውን ትሪ ተቀበላት።