ገንዳው ውጭ ያደረ ለት

ሰፈሩ ሁሉ ታላቅ እህቴን እትዬ ደንብ ነው የሚላት። እኔም ከጀርባዋ እላታለሁ፤ ፊት ለፊቷማ ማን ደፍሮ! የቆሻሻ ገንዳዎቹን ጉዳይ እንድትከታተል የመረጥናት እኛው ነን፣ እያጨበጨብን። ከዚያ ወዲህ እፎይ ያለ የለም።

ደንቡ ቀላል ነው። ባለጎማው ገንዳ ክዳኑ ተገጥሞ ግቢ ውስጥ ይቀመጣል። የሚወጣው የቆሻሻ መኪናው በሚመጣበት ጠዋት ብቻ ነው፤ የእግረኛ መንገዱን ሳይዘጋ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ይቆማል፣ ሳይመሽም ይገባል። ገንዳው ውጭ ያደረበት ሰው በማግስቱ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ይጠርጋል። መንገዳችን ቁልቁለት ስለሆነ ነፋስ የገፋው ገንዳ የት እንደሚቆም አይታወቅም፤ አንዱማ የጎረቤታችንን የአናጢውን በር ገንጥሎ ነው የቆመው።

እህቴ በዚህ ነገር ዘመድ አታውቅም። እኔን የእናቷን ልጅ ስንቴ አስጠርጋኛለች! ረሳሁት ስላት፣ ምሳ መብላት ረስቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ግን ደግሞ ልጅ አዝላ ገንዳ ለምትጎትት ጎረቤት ከሁላችን ቀድማ የምትደርሰው እሷው ናት። እንደሷ ያለ ሰው አላየሁም፣ እውነቴን ነው።

ባሏ፣ ጋሼ የምለው፣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። አምና ታሞ ግራ እግሩ ዛለ፣ ግራ እጁም አልታዘዝ አለው። ከዚያ በኋላ እንደ እንቁላል ነው የያዝነው። ጫማውን እናስርለታለን፣ ሲሳሳት እንኳ ልክ ነህ እንለዋለን። ለራሱ ያስቀራት አንዲት ሥራ ገንዳውን ማውጣትና ማስገባት ነበረች። እህቴ አንጀቷ እያረረ በመስኮት ታየዋለች እንጂ አትነካበትም።

አንድ ቀን ታዲያ ገንዳውን ሳያስገባ እንቅልፍ ጣለው። እሷም ልጇ ቤት አምሽታ በጓሮ በር ነበር የገባችው። ጠዋት ሰፈሩ ሲወጣ የእትዬ ደንብ ገንዳ መንገድ ላይ ተገትሯል።

ሁላችንም በየበራችን ቆመን ምን ታደርግ ይሆን እያልን ጠበቅን። ብትተወው የሚቀየማት አልነበረም፤ አናጢው እንዲያውም እኔ እጠርግለታለሁ ብሎ ነበር። እሷ ግን መጥረጊያውን ይዛ ወጣችና ለባሏ ሰጠችው።

"ደንቡን ታውቀዋለህ" አለችው፤ ተመልሳም ገባች።

ደሜ ፈላ። ጋሼ ገንዳውን ወደ ግቢ መለሰና በደህና እጁ እየጠረገ፣ ሲደክመው አጥር እየተደገፈ ቁልቁለቱን ተያያዘው። አላስችል ቢለኝ ሄጄ መጥረጊያውን ያዝኩት።

"ልቀቅ" አለኝ። ላብ አጥምቆታል፣ ፊቱ ግን በርቷል። "ከታመምኩ ወዲህ እንደ ጤነኛ ሰው የተቆጣኝ አልነበረም። ዛሬ ገና አገኘሁ።"

ለቀቅኩለት። ንዴቴ ግን አልበረደልኝም ነበርና እህቴን ልናገራት ወደ ግቢዋ ገባሁ። ገንዳው ላይ ተደግፋ እንባዋ ይወርዳል። ልትጠርገው እንኳ አልሞከረችም። በአጥሩ ክፍተት መንገዱን ቁልቁል ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

"ቦዩ ጥግ ቀርቶታል" አለችኝ፤ "ሂድና ንገረው።"