የወይዘሮ ጥሩነሽን ነገር ሰሙ?

ይህን ሳወራ አሁንም አፍራለሁ። አክስቴ ጥሩነሽ ኮልፌ 18 ማዞሪያ መጋረጃ ትሸጣለች። ለበዓል ያስመጣችው መጋረጃ አልሸጥ ሲላት፣ ለደንበኞቿ ኢሜይል እንድልክላት አዘዘችኝ። "ታላቅ ቅናሽ" የሚል ርዕስ ሰጥቼ ሁለት ጊዜ ላክሁ። ስንት ሰው እንደከፈተው ኮምፒዩተሩ ይቆጥራል፤ ዜሮ አለኝ። ማስታወቂያነቱ ከርዕሱ ስላስታወቀ መሰለኝና፣ በሦስተኛው ቅናሹን ወደ ውስጥ ከትቼ ርዕሱን "የወይዘሮ ጥሩነሽን ነገር ሰሙ?" አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ብቻዬን ስጠርግ ጥቁር የለበሱ ሦስት ሴቶች እያለቀሱ ገቡ።

"ምን ሆና ነው ልጄ? ሰሞኑን ደህና አልነበረች?" አሉኝ ትልቋ፣ ደረታቸውን እየደቁ።

ደንግጬ መጥረጊያዬን ጣልኩ። ይህን ሲያዩ ጭራሽ ባሰባቸው። በዚህ መሃል አክስቴ ሳምቡሳዋን እየገመጠች ከኋላቸው ደረሰች።

"ምነው? ማን ሞተ?"

ትልቋ ሴትዮ ጮኸው ግድግዳውን ተደገፉ።

"ኢሜይሉን አላነበቡትም እንዴ?" አልኩ እየተንተባተብኩ።

"እንዲህ ያለውን መርዶ ማን ደፍሮ ይከፍታል!" አሉ ሴትየዋ።

አክስቴ እየሳቀች ወንበር አቀረበችላቸው። ቀኑን ሙሉ ለቅሶ ደራሽ ሲጎርፍ ዋለ፤ መጋረጃ ሳይገዛ የወጣ የለም። ሱቁን ልንዘጋ ስንል ስንት ሰው ኢሜይሉን እንደከፈተው ብመለከት፣ አሁንም ዜሮ ነበር።