ይሉኝታን በኢንዶኔዥያኛ

ትምህርት ቤት የገባሁት ግድግዳውን ቀለም ልቀባ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ወረቀት ያስቸገረው ሰው፣ ጣሊያኑም ጭምር፣ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ጣሊያንኛን የተማርኩት ቀለም እንዳይንጠባጠብ ወለል ላይ ከማነጥፈው አሮጌ ጋዜጣ ነው። አሠሪዬ እየጮኸብኝ ተንበርክኬ አነብ ነበር። ፈረንሳይኛም ዐረብኛም በዚያው መንገድ መጡልኝ። ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ከሴት ልጄ ጋር ነው። ልጄ የምትሠራው አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ ኢንዶኔዥያዊ ባልደረባዋ ሊያገባት እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ክርስቲያን መሆኑን አጣራሁ፤ ጠባዩንም አጣራሁ። ከዚያ፣ “በደንቡ ሽማግሌ ይላክ” አልኳት።

አንድ ቅዳሜ ልጁ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሽበታም ያገሩን ሰው ይዞ መጣ። ሽበታሙ ቆሞ በጥሩ ጣሊያንኛ ልጄን ጠየቀኝ። ወደድኳቸው። ግን ለሴት ልጁ ክብር ያለው አባት በመጀመሪያው ቀን “እሺ” አይልም፤ ከቤቱ ሊያስወጣት የቸኮለ ያስመስለዋል። ሽማግሌ ይመላለሳል፤ ደጅ ይጠናል፤ በሦስተኛው ይሳካለታል። ስለዚህ ፊቴን ኮስተር አድርጌ “እናስብበት” አልኩ። ሁለቱም እጅ ነሥተው ሄዱ።

አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ እስር ቤት ሆነብኝ። ሽማግሌ መጥቶ በር ተዘግቶ ቢያገኝ ምን ይባላል? ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ከቤት አልወጣም። ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከጓደኞቼ ጋር የምንቀመጥበት ቡና ቤትም ቀረሁ። ሙሉ ልብስ ለብሼ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ፤ ትራሙ ከታች ያልፋል፤ ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ክራቫቴን አስተካክላለሁ። ሊፍቱ ሁልጊዜ ሌላ ፎቅ ላይ ይቆማል።

ልጄ ስትናደድ ወደ ጣሊያንኛ ትዞራለች። ያን ሰሞን ግን በአማርኛ ነበር የተናደደችው።

“አባባ፣ እምቢ ካሉ እምቢ ይበሉ። መስኮት ላይ ምን ይጠብቃሉ?”

“ማን እምቢ አለ? እናስብበት ነው ያልኩት።”

“ታዲያ፣ አስበው ጨረሱ?”

“ሲመጣ እነግረዋለሁ።”

“አይመጣም! ደንቡን አስረዳሁት። ‘አባትሽ ራሳቸው ካልጠሩኝ ዳግመኛ ማስቸገር አልችልም’ አለኝ። የሥራ ውሉ በገና ያልቃል፣ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይደውሉለት!”

“እኔ? የሴት ልጅ አባት ስልክ አንሥቶ ‘ና ልጄን ውሰዳት’ ይበል? ሰው ምን ይለኛል?”

“የትኛው ሰው?” አለችና ክፍሏ ገብታ ዘጋች።

ሮም ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው አንድ ምግብ ቤት አይሞላም። ቢሆንም ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እጄን የያዘኝ ማንም አልነበረም፤ ግን ተይዤ ነበር።

እኔ የማላውቀው ነገር ሲያጋጥመኝ አጠናለሁ። ኤስኲሊኖ ገበያ አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የጣሊያንኛና የኢንዶኔዥያኛ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። ይሉኝታን ፈለግሁ። ጣሊያን ይሉኝታ ስለሌለው ቃሉም የለውም። የሚቀርበው “ቬርጎኛ” ነው፤ ማፈር። ትይዩው በኢንዶኔዥያኛ “ማሉ” ይላል። ማሉ፣ ማሉ እያልኩ በቤቱ ውስጥ ተንጎራደድኩ። አላረካኝም። ማፈር ከሠራህ በኋላ የምትሸከመው ነው። ይሉኝታ ግን ምንም ሳትሠራ ያስርሃል፤ ገመዱንም ራስህ ታቀብላለህ። መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጁት ፕሮፌሰሮች ይህን ልዩነት አላዩትም። እኔ አየሁት።

መውጫውንም ያየሁት እዚያው ላይ ነው። አባት አማች አይጠራም። የቋንቋ ሰው ግን የቋንቋ ባለቤት ቢጠራ ማን ምን ይለዋል?

ደወልኩለት። “አንድ ቃል ቸግሮኛል፤ መጥተህ አርመኝ” አልኩት።

በማግሥቱ እሑድ መጣ። የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ልጄ ኩሽና ሳህን ታጥባለች፤ ታንኳኳለች። ይሉኝታን በጣሊያንኛ በሚገባ አብራራሁለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

“ማሉ አይደለም” አለ በመጨረሻ። “ሰጋን ነው።”

“በምሳሌ አስረዳኝ።”

“አንድ ትልቅ ሰው ‘እናስብበት’ ካለህ እምቢ ማለቱ ነው፤ እንዳያሳፍርህ ብሎ ነው። ሁለተኛ በሩን ማንኳኳት አትችልም። ብትፈልግም፣ ብትታመምም እግርህ አይሄድም። ያ ሰጋን ነው።”

ኩሽና ያለው ውኃ ተዘጋ።

“ትክክለኛ ትርጉም ነው” አልኩት። “እኔም ምሳሌ ልጨምርልህ። በእኛ አገር ‘እናስብበት’ ተብሎ ሁለተኛ ያልመጣ ሰው፣ ልጅቷን ከልቡ አልፈለጋትም ማለት ነው። አባትየው ደግሞ ቢሞት አይጠራውም።”

ልጄ እጇ እንደረጠበ በሩ ላይ ቆመች። “ሁለታችሁም እብዶች ናችሁ!” አለች በጣሊያንኛ። “ለአንድ ቃል ጠርተውት ነው?”

እሱ ተነሣ። ጃኬቱን ቆለፈ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፣ ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። የልጄ ፊት አመድ መሰለ።

ደወሉ ጮኸ።

ሄጄ ከፈትኩ። ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ቆሟል። “ዳግመኛ ላስቸግርዎ መጣሁ” አለ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ለሁለተኛው ጊዜ የሚባለውን ደግሞ አውቃለሁ፤ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ልውጠው ብሞክርም አልዋጥ አለኝ። ልጄን ዞር ብዬ ማየት አልደፈርኩም።

“እናስብበት” አልኩት። በሩን ግን አልዘጋሁትም። መያዣውን ይዤ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ቆምኩ።

አስተዋይ ልጅ ነው፤ ሳጣራ ተሳስቼ አላውቅም። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ እኔ ፊቱ እንደቆምኩ፣ እጁን ዘርግቶ ደወሉን ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነው።